እባክዎ ጎዳናውን በየእሑዱ ይዝጉልኝ

ለተከበሩ የከተማችን ከንቲባ፤ በሥራቸው ለሚገኘው የንጹሕ ጉዞ ክፍል፤ እንዲሁም የሰው ደብዳቤ ማንበብ ለሚወዱ የከተማችን ነዋሪዎች በሙሉ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። በተለይ ጉልበትዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለፈው መስከረም በሊፒ ጎዳና ላይ በተከበረው ከመኪና ነጻ እሑድ፣ ብስክሌትዎን ከጥቁሩ መኪናዎ ጀርባ አስወርደው ከፋርማሲው ጥግ እስከ መድረኩ ድረስ ያለ ማንም እርዳታ ሲነዱ ከአራተኛ ፎቅ መስኮቴ ሆኜ ተመልክቻለሁ፤ ይህን ሁሉ መንገድ ብዬም ልቤ ሰግቶልዎታል። እግዚአብሔር ያበርታዎ። ለእኛም በየደረስንበት አንድ አንድ መድረክ ያዘጋጅልን።

ስሜ ዶንካ ጻኔቫ ይባላል። የምኖረው በዚሁ ጎዳና፣ ብሎክ አሥራ አራት፣ ሊፍቱ በማይሠራው መግቢያ በኩል ነው። ባለቤቴ ሚንቾ ጻኔቭ የሰባት ቁጥሩን ትሮሊ፣ ያንን ከላይ በተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሄደውን አውቶቡስ፣ ዕድሜውን ሙሉ በመስኮታችን ሥር ሲያመላልስ ኖሮ ባለፈው መጋቢት ዐርፏል። ስለዚህ እርስዎ በበዓሉ ማስታወቂያ ላይ «ጎዳናው የእርስዎ ነው» ብለው ሲጽፉልኝ አልተገረምኩም፤ እኔም ቢሆን ከድሮም ጀምሮ የእኛ ይመስለኝ ነበርና።

ይህን የምጽፈው ልከስዎ አይደለም። ለዚህ ደግሞ ዕድሜዬም ሳንባዬም አይፈቅድም። ምስጋና ያለባት ሴት ነኝ፤ ምስጋናዬንም መርሳት እንዳይመጣብኝ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ግብዣው ወረቀት አመሰግናለሁ። እንደሚያውቁት በአገራችን ሰው ሲሞት ፎቶውና ስሙ በጥቁር ክፈፍ ታትሞ በመግቢያው በር ላይ ይለጠፋል፤ በአርባው፣ በመንፈቁ፣ በዓመቱም እንዲሁ። ጎረቤት ከዚያ ላይ አንብቦ ነው መታሰቢያው መቼ እንደሆነ የሚያውቀው፤ ንፍሮ የሚቀምሰውም፣ ነፍስ ይማር የሚለውም ከዚያ ተነሥቶ ነው። የሚንቾን የመንፈቅ ወረቀት ራሴ ማተሚያ ቤት ሄጄ አሳትሜ፣ የትሮሊ ባርኔጣውን ያደረገበትን ፎቶ መርጬ፣ በአራት ጥግ በፕላስተር አጣብቄ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወርድ በሚንቾ ፊት ላይ በብስክሌት የተቀመጠች አንዲት ሣቂ ልጅ ተለጥፋለች። ከሥሯም «በእግርዎ ይምጡ! በብስክሌትዎ ይምጡ! እየጠበቅንዎ ነው!» ይላል።

ክቡር ከንቲባ፣ ለሠራተኞችዎ ጥንካሬ አድናቆቴን ሳልገልጽ ማለፍ አልችልም። የሊፍታችን በር በአንድ ቡጢ ይወልቃል፤ የልጆቹ መጫወቻ ዥዋዥዌ በነፋስ ይረግፋል፤ የእናንተ ሙጫ ግን የማይበገር ነው። በቢላዋ ሞከርኩ፣ በሙቅ ውሃ ሞከርኩ፣ ጎረቤቴ ስላቭካ ከምድር ቤት ወጥታ ራኪያ በምንለው አረቄ ሞከረች። «ይህ ሙጫ ብሎኩን ሳይጥል አይለቅም፤ ተይው ዶንካ፣ ራኪያውን እንጠጣው ይሻላል» አለችኝና ጠጣነው። ሚንቾ ከልጅቷ ጀርባ ቀረ። ቀኑንም፣ ሰዓቱንም ይዞ ቀረ፤ ከስላቭካና ከእኔ በቀር መታሰቢያው በዚያው እሑድ መሆኑን ያወቀ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛ፤ ስለ ጤንነቴ መጨነቅዎን አመሰግናለሁ። በዕለቱ ጎዳናው ለመኪና ብቻ ሳይሆን ለአውቶቡስም ስለተዘጋ ወደ መቃብር ሥፍራው የምሄድበት አውቶቡስ አልነበረም። ይህን የነገረኝ ለመረጃ በተሰጠው ስልክ ላይ የተገኘ አንድ ትሑት ወጣት ነው። ድስት ሙሉ ንፍሮ፣ አንድ ጠርሙስ ወይን፣ አበባና ጧፍ ይዤ ከከተማው ዳር እስከ ሌላው ዳር እንዴት እንደምደርስ ጠየቅሁት።

«በእግር ለመሄድ አስበውበታል እትዬ?» አለኝ።

«ጉልበቴን ያመኛል ልጄ።»

«እንግዲያው ብስክሌት ለመገጣጠሚያ በጣም ጥሩ ነው ይላሉ። በነጻ እናውሳለን።»

«ድስቱንስ?»

«ድስቱ…» አለና አሰበ። የማያሾፍ ልጅ መሆኑ ከድምፁ ያስታውቃል። «የፊት ቅርጫት ያላቸውም አሉን።»

ይህን ያህል ተጨንቆልኝ የሚያውቅ የመንግሥት ስልክ አላጋጠመኝምና እባክዎ ልጁን እድገት ይስጡት። እኔ ግን ብስክሌት መንዳት አልችልም። በልጅነቴ አባቴ ለሴት ልጅ አይሆንም ብሎ አላስተማረኝም፤ ካገባሁ በኋላ ደግሞ ሚንቾ በቤታችን ብስክሌት የሚለውን ቃል ያለ እርግማን አንሥቶት አያውቅም። የትሮሊ ሹፌርና ብስክሌተኛ በዚህ ጎዳና ላይ እሳትና ጭድ ነበሩ። ከሽቦው ሥር መውጣት የማይችል ሰው ፊት ለፊቱ እየተጥመዘመዘ የሚሄድ ሰው ሲያይ ምን እንደሚሰማው እርስዎ ባለ ጥቁር መኪናው አያጡትም። ማታ ማታ እግሩን ጨው በተጨመረበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ «ዛሬ ደግሞ አንዱ ፍየል…» ብሎ ይጀምር ነበር። እራት እስኪቀርብ የስንቱን ፍየል ታሪክ ሰምቻለሁ።

አሁን ማታ ማታ የሚጀምርልኝ ሰው የለም። ሬዲዮውን ከፍቼ እተወዋለሁ፤ የሚሉትን ግን አልሰማም።

ሦስተኛ፤ ስለ ልጄ ስለ ፕላመን አመሰግናለሁ። ፕላመን አንድ ልጃችን ነው። የሚኖረው በጎረቤት ከተማ ነው፤ ቆንጆ ሥራ፣ ቆንጆ መኪና፣ ብዙ ስብሰባ አለው። በአባቱ መንፈቅ እንደሚመጣ፣ በመኪናው ወደ መቃብሩ እንደሚወስደኝ፣ ከዚያም አብረን ምሳ እንደምንበላ ከነሐሴ ጀምሮ ተነጋግረን ነበር። ቃሪያ ጠብሼ ልጬ፣ የሚወደውን በሩዝ የተሞላውን ደግሞ ለብቻ ሠርቼ፣ አይብ ያለበትን ባኒጻ በመጨረሻ ልጋግረው ሊጡን አሳርፌ ስጠብቅ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

«እማዬ፣ አይተሻል? መንገዱ ተዘግቷል እኮ!»

«አውቃለሁ ልጄ፤ በር ላይ ለጥፈውታል።»

«ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? ሰው እናቱ ቤት እንኳ እንዳይገባ! አሁን እኔ የት ላቁም? ንገሪኝ እስቲ፣ የት ላቁም?»

እኔ የት እንደሚያቆም ከየት ዐውቄ እነግረዋለሁ? መኪና ነድቼ አላውቅም። እሱ በጣም ተቆጣ፤ በእኔ ሳይሆን በእርስዎ፤ እኔም አብሬው ተቆጣሁ። ሁለታችን በአንድ ድምፅ እርስዎን ስንረግም ቆየን። እውነቱን ልንገርዎ፣ ከቀብሩ ወዲህ ከልጄ ጋር እንደዚያ ረጅም ወሬ አውርተን አናውቅም። ለዚህም ምስጋና ይገባዎታል። ስንጨርስ «በሚቀጥለው እሑድ፣ ሲከፈት» አለኝ። እኔም «ሲከፈት» አልኩት።

እርግጥ በማስታወቂያዎ ግርጌ፣ በደቃቃ ፊደል፣ በመኪና ከሌላ ከተማ ለሚመጡ እንግዶች በስታዲየሙ ዘንድ ሰፊ ማቆሚያ መዘጋጀቱ፣ ከዚያም እስከ ሊፒ ጎዳና «አጭርና አስደሳች የእግር ጉዞ» መሆኑ ተጽፏል። ይህን ለፕላመን አላነበብኩለትም። የዓይን መነጽሬ በእጄ አልነበረም።

አራተኛ፤ ስለ ሰው ብዛት አመሰግናለሁ። መቃብር መሄድ ካልተቻለና ልጅም ካልመጣ፣ የተቀቀለ ስንዴ ተመልሶ ጥሬ አይሆንም። በስኳርና በተወቀጠ ለውዝ አሽቼ፣ ላዩን በብስኩት ዱቄት ሸፍኜ፣ የመስቀል ምልክት አድርጌበት ነበር። ለማንም ካልተሰጠ፣ ተበልቶም ነፍስ ይማር ካልተባለበት ለሟቹ አይደርሰውም፤ እናቴ እንዲህ ነው ያስተማረችኝ፤ የእሷም እናት እንዲሁ። ድስት ሙሉ ንፍሮ ብቻዋን ቁጭ ብላ የምትበላ ባልቴት ደግሞ ለመንደሩ መሳቂያ ነው የምትሆነው። ስለዚህ ከስላቭካ ቤት ተጣጣፊ ጠረጴዛ ተውሼ፣ ነጭ ጨርቅ አልብሼ፣ ንፍሮውን በፕላስቲክ ኩባያ እየከፈልኩ በመግቢያው ፊት ለፊት በእግረኛው መንገድ ላይ ቆምኩ። ስላቭካ ለመርዳት ቃል ገብታልኝ ነበር፤ ነገር ግን የእኅቷ ልጅ በብስክሌት ውድድር ሦስተኛ ወጥቶ ኖሮ ልታየው ሮጠች። አልቀየምኳትም፤ ሰው ወደ ሕያው ነው የሚሮጠው።

እዚህ ላይ የሠራተኞችዎን ቅልጥፍና ልመሰክር ይገባኛል። ገና ጨርቁን ሳላስተካክል ኢቬሊና የምትባል፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሰች በጎ ፈቃደኛ እየሮጠች መጣችና አቀፈችኝ።

«እናንተ ናችሁ የጤናማ ምግብ ጣቢያ? ተመስገን! አልመጡም ብዬ ሞቼ ነበር!»

«እኔ እንኳ…»

«ምንድን ነው? ስንዴ? እንዴ በጣም ጎበዝ ነሽ እናቴ! ሁሉም ሰው ቺፕስ ይዞ ነው የመጣው!»

አፌን ከፍቼ ሳልጨርስ ጠረጴዛዬ ላይ አረንጓዴ ፊኛ ታስሯል፤ ከፊቱም «ለጉልበት! ለጤና!» የሚል ሰሌዳ ቆሟል። ወዲያው ድምፅ ማጉያው ስለ እኔ ተናገረ። በብሎክ አሥራ አራት ፊት ለፊት በነጻ የሚታደል የገጠር ምግብ አለ፣ ደከመኝ የምትሉ ሂዱ ተባለ። ክቡር ከንቲባ፣ እርስዎ ንግግርዎን ሲያደርጉ ከመድረኩ በስተግራ አንድ ረጅም ሰልፍ አይተው ተደስተው ከነበረ ለእርስዎ የተሰለፈ አልነበረም፤ ለሚንቾ መንፈቅ ነው።

መጡ። ሄልሜት ያደረጉ፣ ጠባብ ሱሪ የለበሱ፣ ላባቸው በጉንጫቸው የሚወርድ፣ ጡንቻቸው ያበጠ፣ እርጉዝ ሴት፣ ውሻውን በቅርጫት የጫነ ሰውዬ። ሚንቾ ዕድሜውን ሙሉ ፍየል ሲላቸው የኖሩት ሁሉ ተሰልፈው የነፍሱን ስንዴ በሉ።

«ስኳር አለው እንዴ?» አለችኝ አንዲቷ።

«ትንሽ አለው።»

«ለትንሽ ግድ የለም፤ አሁን አቃጥለዋለሁ!» አለችና ሁለት ኩባያ ወሰደች።

ሌላው ደግሞ ስንዴው ውስጥ ስንዴ መኖሩን አጥብቆ ጠየቀኝ። አለ ስለው አዝኖ ሄደ። የቀሩት ግን በሉ፤ በልተውም «አመሰግናለሁ እናቴ!» «እጅሽ ይባረክ!» እያሉ ፔዳላቸውን መቱ። እንግዲህ በሞተ ሰው ንፍሮ ላይ አመሰግናለሁ አይባልም። ነፍስ ይማር ነው የሚባለው። አመሰግናለሁ ያለ ሰው ለራሱ በላ ማለት ነው፤ ለሟቹ አንዲት ፍሬ አልደረሰችውም። ይህን አፉ ሞልቶ ለሚስቅ ወጣት እንዴት ብዬ ልንገረው? አፈርኩ። ድስቱ እየጎደለ፣ የሚንቾ ድርሻ በየአቅጣጫው በብስክሌት እየተበተነ ሲሄድ እኔ «ይባርክህ፣ ይባርክሽ» ከማለት በቀር ቃል ጠፋኝ።

ሌላም ነገር ልናዘዝ፤ ለአንድ ሹም ካልተናገሩት ለማን ይነገራል? ደስ ብሎኝ ነበር። ከመጋቢት ወዲህ ይህን ያህል ሰው ፊቴን አይቶ አያውቅም። እናቴ ሲሉኝ ቆጥሬው ባውቅ ኖሮ እጽፍልዎ ነበር። የባሌን መታሰቢያ ለማይገባው ሥራ አሳልፌ እየሰጠሁ መሆኔን እያወቅሁ ሰልፉ እንዳያልቅ ኩባያውን ከግማሽ በታች መቅዳት ጀመርኩ።

አምስተኛ ብዬ የጀመርኩት ቅሬታ ነበር፤ የመቀመጫ አግዳሚዎቹን ስለማንሣታችሁ ነበር መሰለኝ። ትቼዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ስጽፍ ቁጥሩ ጠፋብኝ።

ድስቱ ሊያልቅ ሲል ከሰልፉ መጨረሻ አንድ ሽማግሌ ደረሰ። ብስክሌቱ በዕድሜ ከእሱ የሚያንስ አይመስልም፤ ጭቃ መከላከያው በሲባጎ ታስሯል። ኩባያውን ተቀብሎ ወደ አፉ ሊያደርስ ሲል በብስኩቱ ዱቄት ላይ የቀረውን ግማሽ መስቀል አየ። ቆመ። ከብስክሌቱ ወርዶ በበሩ ፊት ባለው የሊፓ ዛፍ ላይ አስደገፈው፤ ሄልሜቱንም አወለቀ። ከሥሩ ራሰ በራ ነው።

«ይሄ ለማን ነው እትዬ?» አለኝ በዝግታ።

«ለባለቤቴ። ለሚንቾ። መንፈቁ ነው።»

«የቱ ሚንቾ?»

«የሰባት ቁጥር ሹፌር።»

«ያ ትልቅ ጢም የነበረው? በመስኮት ብቅ እያለ የሚሳደበው?»

«እሱ ራሱ።»

«እኔን እኮ ሃያ ዓመት ሙሉ ፍየል ሲለኝ ነው የኖረው!»

«ይቅር በለው» አልኩት፤ ሌላ ምን እላለሁ?

«አይ፣ ልክ ነበር። በቀይ መብራት ነበር የምሄደው።» ከዚያ ኩባያውን በሁለት እጁ ያዘና ጮክ ብሎ «ነፍስ ይማር! ነፍስ ይማር ሚንቾ!» አለ። በላ። ቀና ሲል ከጎኑ አንድ ጎረምሳ «አመሰግናለሁ» ብሎ ሊነሣ ሲል ክንዱን ያዘው።

«ምን አልክ አንተ?»

«አመሰግናለሁ ነዋ።»

«ሰርግ መሰለህ? የሞተ ሰው ንፍሮ እኮ ነው የበላኸው። ሄልሜትህን አውልቅና ነፍስ ይማር በል!»

ልጁ እኔን አየ፤ ሽማግሌውን አየ፤ ፊኛውን አየ። ደንግጦ አወለቀ። ከኋላው የነበሩት አወለቁ፤ በልተው ሄደው በሊፓው ጥላ ሥር ያረፉትም ሰምተው አንድ በአንድ ተመለሱ። በላብ የረጠበ ፀጉር ሁሉ በፊቴ ቆሞ ነፍስ ይማር አለ። ኢቬሊና ፊኛውን በጥርሷ በጥሳ ለቀቀችውና ሮጣ ወደ በራችን ሄደች፤ ማስታወቂያዎን በጥፍሯ መፋቅ ያዘች። ሙጫው አላሳፈረዎትም። ጥፍሯ እስኪሰበር ፍቃ ያወጣችው አንድ ዓይኑንና የባርኔጣውን ጫፍ ብቻ ነው። አሁንም እንደዚያው ነው ያለው፤ ከልጅቷ ትከሻ ላይ አጮልቆ የሚገባና የሚወጣውን ያያል።

ሽማግሌው ዲሞ ይባላል። ጋሽ ዲሞ ጠረጴዛውን አብሮኝ አጠፈና ወይኑንስ የት ነው የምታፈስሺው አለኝ። እንደ ልማዳችን በመቃብሩ ላይ ነበር፤ ግን ሩቅ ነው ስለው ወደ ሰባት ቁጥር መነሻ ጣቢያ እንሂድ አለ። ሄድን። ክቡር ከንቲባ፣ ሚንቾ በዚህ ጎዳና መካከል ዕድሜውን ሙሉ ሲመላለስ እግሩ አንድ ቀን አስፋልቱን አልነካውም ነበር፤ እኔም ብሆን መሐሉን ተራምጄበት አላውቅም፤ ስሻገር እንኳ እየሮጥኩ ነው። በዚያ ቀን በሽቦው ሥር፣ በትክክል እሱ በሚሄድበት መሥመር ላይ፣ በዝግታ ተራመድኩ። ጋሽ ዲሞ ብስክሌቱን እየገፋ፣ የተረፈውን ድስት በቅርጫቱ ጭኖ ከጎኔ ነበር። የስልኩ ልጅ እውነቱን ነው፤ ድስቱ ቅርጫት ውስጥ ይገባል።

በመነሻው ጣቢያ ወይኑን አፈሰስኩለት። ጋሽ ዲሞ ተሰናብቶኝ ወደ ቤቱ ዞረ፤ እኔ ግን ለፕላመን ያስቀመጥኩለትን አንድ ኩባያ ንፍሮ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ከጣቢያው ጀርባ የሚታየው ስታዲየሙ ነው። ከብሎክ አሥራ አራት እዚያ ድረስ፣ በዚህ በታመመ ጉልበቴ፣ ከአንድ ሽማግሌ ጋር እያወራሁ መጥቼ ድካሙ አልተሰማኝም። የመኪና ማቆሚያውን አጥር ይዤ አየሁት። ሰፊ ነው፤ እንዳላችሁት ነው። ግማሹ ባዶ ነበር።

ኩባያውን ከአጥሩ ምሰሶ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። ወፍ ይቅመሰው ብዬ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ጎዳናው ተከፈተ። መኪናው ሁሉ እንደ ልማዱ ሲያጓራ ዋለ። ቃሪያ ሞልቼ፣ ባኒጻውን ጋግሬ፣ በመስኮት ሆኜ ከብሎኩ ፊት ለፊት አንድ ባዶ ማቆሚያ አገኘሁና ሌላ እንዳይገባበት ከቤት ወንበር አውርጄ አቆምኩበት። ሦስት ሹፌሮች ሰደቡኝ፤ ሚንቾ የተወልኝ ስድብ ስላለኝ መልስ አላጣሁም። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«እማዬ፣ ዛሬ መኪናው በጣም ተጨናንቋል፤ በዚህ ሁሉ መኪና መሐል…»

«ገባኝ ልጄ።»

«በሚቀጥለው እሑድ በእርግጥ።»

«በእርግጥ» አልኩት። ወንበሩን አንሥቼ ወደ ቤት ወጣሁ፤ አራት ፎቅ ነው፤ በሁለተኛው ላይ አሳርፌው ራሴም ትንሽ ተቀመጥኩበት። ከዚያ ወዲህ ያሉት እሑዶች ሁሉ ክፍት ነበሩ። ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብኝ ስልኩ አጠገብ እውላለሁ።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ ያስጻፈኝን ልመናዬን ላቅርብ። ሊፒ ጎዳናን በዓመት አንድ ቀን ሳይሆን በየእሑዱ ይዝጉልኝ። ስለ ንጹሕ አየሩ አይደለም፤ አየሩን ለምጄዋለሁ። ጎዳናው ሲዘጋ ሰው በእግሩ ይመጣል፤ ሲመጣም ከበሬ ፊት ቆሞ ይበላል፣ እናቴ ይላል፣ ከነገሩትም ሄልሜቱን አውልቆ ነፍስ ይማር ይላል። ከሁሉ በላይ ግን ስላቭካ ደረጃው ላይ አግኝታኝ «ዛሬም ፕላመን አልመጣም?» ስትለኝ የምሰጣት መልስ እፈልጋለሁ። መንገዱ የተዘጋ ዕለት ቀና ብዬ «ከንቲባው ዘግቶበት ነው» አልኳት። ክፍት በሆነበት ቀን ግን የማሳብብበት ሹም የለኝም።

ከመድረክዎ አያውርድዎ፤ ብስክሌትዎን የሚያወርድልዎ ሰውም አይጡ እያልኩ፣ እርስዎ ባይጠብቁኝም በእግሬ ወርጄ የምጠብቅዎ፣ የብሎክ አሥራ አራት ነዋሪ፣ የሰባት ቁጥሩ ሹፌር የሚንቾ ጻኔቭ ባለቤት፣ ከአክብሮት ጋር፤

ዶንካ ጻኔቫ

ተጨማሪ ማስታወሻ፤ ጎዳናውን በየእሑዱ ለመዝጋት ፈቃድዎ ከሆነ፣ በሚለጥፉት ማስታወቂያ ግርጌ ከስታዲየሙ እስከ እኛ ያለው «አጭርና አስደሳች የእግር ጉዞ» ነው የምትለዋን መሥመር እባክዎ ያስወጡልኝ። እናቶች ያነቧታል።